«ይፍቱኝ» ስል «ምኑን?» ያሉኝ ሽማግሌ

እግሬን አትይ። አትይ አልኩህ እኮ! መጀመሪያ ወንበር ሳብና ቁጭ በል፣ ማኪያቶህን እዘዝ፣ ከዚያ እንደፈለግክ ትስቃለህ። አዎ፣ ግራው ነጭ ስኒከር የኔ ነው። ቀኙ ጥቁር ቆዳ ጫማ የኔ አይደለም። ፋሽን አይደለም። ውርርድ ተበልቼም አይደለም። አስተናጋጇም ስታየኝ ቆይታ አላስችል ሲላት «ይሄ አሁን የመጣ ነው?» አለችኝ። «ከጸሎት ቤት የመጣ ነው» አልኳት። ቀልድ መስሏት ስቃ ሄደች። እኔ ግን የምሬን ነበር። ጫማው ከጸሎት ቤት ነው የመጣው። እኔም ከዚያው ነው የመጣሁት፣ እየሮጥኩ።

ስማ፣ አንተ ትምህርት ጨርሰሃል። እኔ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ነው ላሽ ያልኩት። እስቲ አንድ ቃል አስረዳኝ። «ፈታ» ማለት ምን ማለት ነው? አትቸኩል! እኔም እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ የማውቀው ይመስለኝ ነበር። እኛ ሠፈር «ፈታ በል» ሲሉህ ተዝናና ነው። ሚስቱን ፈታ ሲሉህ ደግሞ መዝናናቱ አበቃ ማለት ነው። እስረኛ ይፈታል፣ ሕልም ይፈታል፣ ሞተር ይፈታል፣ የጫማ ክር ይፈታል። እና አንዲት ትልቅ ሴትዮ ፊት ለፊትህ ቆመው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «ፈትቼሃለሁ» ብለውህ ቢሄዱስ? የቱ ነው? እስረኛው ነው? ሚስቲቱ ናት? ሞተሩ ነው? ማግባት አለማግባቴ እዚህች ቃል ውስጥ ነው ያለው፣ አየህ።

ከሥሩ ልጀምርልህ።

ቲጂን ታውቃታለህ። ትዕግስት፣ ስድስት ኪሎ ፎቶ ኮፒ ቤት የምትሠራዋ። የተዋወቅነው እዚሁ ፒያሳ ታክሲ ተራ ነው፤ እኔ ተራ አስከብራለሁ፣ እሷ ተራ ትጠብቃለች። አንድ ቀን ዝናብ ነው፣ ሰልፉ ታጥፎ ታጥፎ አስፋልት ሊገባ ነው። እኔ አራዳ ነኝ ብዬ «እህት፣ ነይ ፊት ግቢ» አልኳት። ጃንጥላዋን እንኳ ቀና ሳታደርግ «ተራዬ ሲደርስ» አለችኝ። ሰልፉ በሙሉ ሳቀብኝ። ተራ አስከባሪውን ተራ አስከበረችው! ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሰልፉን ሳይ የማየው ሰልፉን አልነበረም። ይኸው ሁለት ዓመታችን።

ድምፄን ደግሞ ታውቀዋለህ። ሞንታርቦ የምትሉኝ በከንቱ አይደለም። ስምንት ዓመት ሙሉ «አራት ኪሎ! ስድስት ኪሎ!» ስል ኖሬ ጉሮሮዬ መቀነሻው ተነቅሏል። ይቺን ያዝልኝ፤ ኋላ ትመጣለች።

ባለፈው እሁድ ቲጂ እናቷ ዘንድ ወሰደችኝ። ቤታቸው ጊዮርጊስ ጀርባ ነው፤ ዙሪያው ፈርሶ እነሱ ያሉበት መደዳ ብቻ የቀረ። እትዬ አስካለ ይባላሉ። ቀጠን ያሉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሴት ናቸው። ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ደግሞ ያስፈራኛል። የሚጮህ ሰው ምን እንደሚያስብ ታውቃለህ፣ አውጥቶታል። እትዬ አስካለ ግን አንዲት ጥያቄ ይጠይቁህና ዝም ብለው ያዩሃል። ያንን ዝምታ ለመሙላት ስትል ትቀባጥራለህ። እኔም ቀባጠርኩ።

«ሥራህ ምንድነው ልጄ?» አሉኝ።

«ትራንስፖርት ዘርፍ ላይ ነኝ» አልኳቸው። ውሸት ነው? አይደለም። እውነት ነው? እሱም አይደለም።

«ቤተ ክርስቲያን ትስማለህ?»

«እስማለሁ።» ይሄኛው ውሸት ነው፣ ምንም ማሳመሪያ የለውም። ጊዮርጊስ በር ላይ ሰው ሁሉ ቆሞ ሲሳለም እኔ በማዶ በኩል ነው የማልፈው። አንተም አንድ ሁለቴ «ምነው?» ብለኸኝ ነበር። ለምን እንደሆነ ኋላ እነግርሃለሁ።

«ንስሐ አባትህስ ማን ናቸው?»

በቃ፣ እዚህ ላይ ተያዝኩ። ሌላ ጥያቄ ቢሆን ድብስብስ አድርገህ ታልፈዋለህ። ንስሐ አባት ግን ስም አላቸው፣ ደብር አላቸው፣ ዘንድሮ ስልክም አላቸው። ዓይኔን በመስኮቱ አሻግሬ ወረወርኩ። ከመንገዱ ማዶ በቀይ ቀለም የተጻፈ ትልቅ ሰሌዳ ተሰቅሏል። «ፍስሐ ጎሚስታ። ጎማ እንፈታለን፣ እንጠግናለን፣ እንነፋለን» ይላል።

«አባ ፍስሐ» አልኩ።

«ከየት ደብር?»

«ከዚያች... ከትንሿ ጸሎት ቤት።»

ከታክሲ ተራው ከፍ ብሎ በሁለት ፎቆች መሐል የተሰነቀረችውን አይተሃታል? ድሮ አንድ ባለጸጋ ለቤተሰቡ ያሠራት ናት ይላሉ። ታቦት የላትም፣ ቅዳሴ የለባትም። ሰው ይገባል፣ ጸሎቱን ያደርሳል፣ ትንሽ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ ይወጣል። በየቀኑ በበሯ አልፋለሁ። ገብቼባት ግን አላውቅም። አፌ ላይ ለምን እንደመጣች እኔም አልገባኝም።

እትዬ አስካለ ፊታቸው በራ። ያቺን ጸሎት ቤት በስም ያውቋት ነበር፣ ገብተው ግን አያውቁም። «እንግዲያው ሽማግሌ ስትልክ አባ ፍስሐን ከፊት አድርገህ ነው» አሉኝ። «በሚመጣው እሁድ ይሁን። ሦስት ሰው ይበቃል።»

ቲጂ እስከ በር ሸኘችኝ። የግቢው በር ገርበብ እንዳለ፣ «ጎሚስታውን ነው ንስሐ አባት ያደረግከው?» አለችኝ። ልትስቅ ነው ብዬ ፊቷን አየሁ። አልሳቀችም። እናቷ ድህነት ይችላሉ፣ አለችኝ። ትምህርት ማቋረጥ ይችላሉ። ተራ አስከባሪም ይችላሉ። ውሸት ግን አይችሉም። አባቷን የፈቱት በአንድ ውሸት ነው። (ፈቱት የምትለዋን ልብ በልልኝ።) ሰውየው ለቲጂ ክርስትና አርፍዶ መጣና «ሰዓቴ ቆሞብኝ ነው» አላቸው። የእጅ ሰዓቱን ተቀብለው ጆሯቸው ላይ አደረጉት። ይሠራል! በቃ። ሰውየው ሄደ፣ ሰዓቱ ቀረ። የሚገርምህ፣ ሰዓቱ ኋላ በራሱ ጊዜ የምሩን ቆመ። እስከ ዛሬ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል።

«ከእሁድ በፊት እውነተኛ አባት ያዝ» አለችኝ። «ከዚያ እውነቱን ራስህ ለእናቴ ንገራት። ከሌላ ሰው ከሰማችው አለቀልን፣ ቢኒ።»

እንዴት ነው የሚያዘው? ታክሲ ማስያዝ አውቃለሁ፤ ቄስ አስይዤም ይዤም አላውቅም። ቲጂ ታግሣ አስረዳችኝ። ትገባለህ፣ ጫማህን ታወልቃለህ፣ ዝቅ ብለህ «አባቴ፣ ይፍቱኝ» ትላለህ። እሳቸው «እግዚአብሔር ይፍታህ» ይሉሃል። ከዚያ ሁሉንም ትነግራቸዋለህ። ቀላል ነው፣ አለች።

ሦስት ቀን ተለማመድኩ። ሥራ ላይ ሆኜ ሁሉ። «አራት ኪሎ! ስድስት ኪሎ! ይፍቱኝ!» ብዬ አንዷ ተሳፋሪ «ይፍቱኝ በየት በኩል ነው?» ብላ ልትገባ ነበር።

ዛሬ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ሰልፉ ሳሳ ሲል ወደዚያችው ጸሎት ቤት ሄድኩ። ደብር አልደፍርም፤ እዚያም ቄስ አይጠፋም ብዬ።

በሩ ላይ ሁለቴ አለፍኩ፣ ሁለቴ ተመለስኩ። ጥበቃው «ሰው ነው የምትፈልገው?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። «ማንን?» ሲለኝ ስም አጣሁ፤ ዝም ብዬ ገባሁ። ግቢው ውስጥ አንድ ጽድ አለ፣ ሦስት ደረጃ አለ፣ ደረጃው ሥር ጫማ ተደርድሯል። ስኒከሬን አውልቄ ከጥግ አስቀመጥኩ። ካልሲዬ አውራ ጣቴ ጋ ተቀዷል። ሰው ጸሎት ቤት እንደሚሄድ እያወቀ ጠዋት ካልሲውን አያይም?

ገባሁ። በሩ ከኋላዬ ገጠም ሲል፣ ወንድሜ፣ ምን እንደሆነ ልንገርህ? ፒያሳ ጠፋች። ክላክሱ የለም፣ የሚቆፍረው ማሽን የለም፣ ሙዚቃ ቤቱ የለም። ፒያሳ ራሷ ጫማዋን አውልቃ በር ላይ የቀረች ነው የመሰለኝ። አስራ አምስት የሚሆን ሰው አለ፣ የሚናገር የለም። እኔ ደግሞ ስተኛም ሬዲዮ ከፍቼ ነው። ጸጥታ ሲሆን የሆነ ነገር የተበላሸ ይመስለኛል።

አግዳሚ ላይ ቁጭ አልኩ። ትንሽ ቆይቶ አንዲት እናት በዓይናቸው ወዲያ አሳዩኝ። ለካ የሴቶቹ በኩል ነኝ። ተነስቼ ተሻገርኩ። አግዳሚው ሲጢጥ አለ፤ ያቺን ሲጢጥታ ሁሉም ሰማት። እጄን የት ላድርገው? ኪሴ ከተትኩት፤ ነውር መሰለኝ። አጣመርኩት፤ የተቀጣ ተማሪ መሰልኩ። ዓይኔን ልጨፍን ብዬ ስጨፍን ጭንቅላቴ ውስጥ «አንድ ሰው ሞልቶ ሂያጅ!» ይላል። ሰው እዚህ የሚመጣው ለማሰብ ነው አይደል? ምኑን ነው የሚያስበው? የሚታሰበው ነገር በተራ ነው የሚመጣው ወይስ እንዳገኘ ይጋፋል? የኔ ይጋፋ ነበር። ከሁሉም በኋላ፣ ወደ ጥጉ ገፍቼ ያቆምኩት ነገር ሰልፉን ጥሶ ፊት ሲመጣ ተሰማኝ። ልወጣ ተነሳሁ።

ያኔ ነው ሽማግሌውን ያየኋቸው።

ጥግ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ጥቁር ካፖርት፣ ነጭ ቆብ፣ ደረታቸው ላይ የወረደ ነጭ ጺም። በቀኝ እጃቸው ብልጭ የሚል ትንሽ ነገር ይዘው ጭንቅላታቸውን ወደሱ ዘንበል አድርገዋል። መስቀል ነው አልኩ። ከዚህ በላይ ቄስ ምን ይመስላል? ሄጄ አጠገባቸው በጉልበቴ ቁጭ አልኩና በጣም ቀስ ብዬ፣ በሹክሹክታ፣

«አባቴ፣ ይፍቱኝ» አልኳቸው።

ደንገጥ ብለው ቀና አሉ። «ምኑን?» አሉኝ።

ይሄን ቲጂ አልነገረችኝም። «እግዚአብሔር ይፍታህ» ነበር የሚቀጥለው። እንደ ደብሩ ይለያይ ይሆናል ብዬ፣ «ሁሉንም» አልኩ።

«ሁሉንም ዝም ብሎ መፍታት ጥሩ አይደለም» አሉኝ። «መጀመሪያ ችግሩ ይታወቅ። የት ጋ ነው?»

«ውስጥ ነው፣ አባቴ።»

«ውስጥ ነው እንጂ ሌላ የት ይሆናል» አሉ፣ ጆሯቸውን ወደኔ እያስጠጉ። «ከቆመ ስንት ጊዜው ነው?»

እንዴት አወቁ! ቤተ ክርስቲያን መሄድ ማቆሜን ሳልነግራቸው! እኚህ ሰው ተሰጥቷቸዋል አልኩ በልቤ። ጸጉሬ ቆመ።

«አራት ዓመት» አልኩ።

«ወድቆ ነው?»

«ወድቄያለሁ፣ አባቴ። ብዙ ጊዜ።»

«ውሃስ ነክቶታል?»

«ጸበል ነው? አይ፣ አልሞከርኩም።»

ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «ውሃ ካልነካው ተስፋ አለው» አሉኝ።

ተስፋ አለው! ከዚያ በኋላ ማን ያቁመኝ? አወረድኩት። ስለ አባ ፍስሐ፣ ስለ ጎሚስታው ሰሌዳ፣ ስለ ትራንስፖርት ዘርፉ። ዘጠነኛ ክፍል ሳቋርጥ ለእናቴ ትምህርት ቤቱ ነው ያባረረኝ ብዬ መዋሸቴን። ቲጂን እንደምወዳት፣ የምዋሸውም ሳትሄድብኝ ለመድረስ እየተጣደፍኩ እንደሆነ። ከእሁድ በፊት ለእትዬ አስካለ እውነቱን ካልነገርኩ እንደማጣት፣ ብነግራቸውም እንደማጣት። አንድም ቃል አላቋረጡኝም። ዝም ብለው ሰሙኝ። ዝም የሚል ሰው ፊት ምን እንደምሆን ነግሬሃለሁ።

ከዚያ ያ ጥግ የቆመው ነገር ወጣ። ለሽማግሌው «አራት ዓመት» ያልኳቸው እናቴ የሞተች ጊዜ ነው። አንተም ቀብሩ ላይ ነበርክ። ግን አስከሬኗ ገብቶ ፍትሐት ሲደረግላት የት እንደነበርኩ አላየህም። ውጭ ነበርኩ። አጥሩ ሥር ቆሜ ቀረሁ። እኔ እስካልገባሁ ድረስ ፍትሐቱ የማያልቅ፣ እሷም የማትቀበር መሰለኝ። ያለ እኔ አለቀ። ከዚያ ወዲህ የቤተ ክርስቲያን በር ባየሁ ቁጥር ያቺ ቀን እዚያ ውስጥ ቁጭ ብላ የምትጠብቀኝ ይመስለኛል፤ ለዚህ ነው ማዶ ማዶውን የምሄደው። ቃሉን አየኸው አይደል? ፍትሐት። እሱም መፍታት ነው። እሷን ፈቷት፣ እኔ ቀረሁ። ይሄን ላንተም ለቲጂም ነግሬያችሁ አላውቅም። ለማላውቃቸው ሽማግሌ ለምን ነገርኳቸው ትለኛለህ? ጸጥታው ነው መሰለኝ።

ሽማግሌው እጃቸውን እጄ ላይ ጭነው፣

«ልጄ» አሉኝ፣ «እኔ እኮ የምፈታው ሰዓት ነው።»

መዳፋቸውን ዘረጉት። መስቀል ያልኩት የእጅ ሰዓት ነው። ማሰሪያ የሌለው፣ ጀርባው የተከፈተ።

ሰዓት ሠሪ ናቸው! ሱቃቸው መንገዱ ሲሰፋ ፈርሶ አሁን አንድ ሕንፃ ኮሪደር ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው ይሠራሉ። እዚያ ደግሞ ጄኔሬተሩ አለ፣ ሰው አለ፣ የሰዓቱ ምት አይሰማም። ጆሯቸውም ደከም ብሏል። ስለዚህ የሚያስቸግር ሰዓት ሲገጥማቸው ይዘው እዚህ ይመጣሉ፤ ጸሎታቸውን ያደርሳሉ፣ ከዚያ ሰዓቱን ጆሯቸው ላይ አድርገው ያዳምጣሉ። «አሁን ገና ምቱን ያዝኩት ስል ነው አንተ የመጣኸው» አሉኝ። ቅር ያላቸው ግን አይመስሉም።

«እና ቄስ አይደሉም?»

«አይደለሁም። ሰዓት አምጥተህ መስሎኝ ነበር። ግን ሰምቼሃለሁ፣ ልጄ።» በአገጫቸው ወደ ኋላዬ አመለከቱኝ። «ደግሞ እኔ ከሰማሁህ...»

ዞርኩ።

ጸሎት ቤቱ በሙሉ እያየኝ ነው። አንድ ሰውዬ ዳዊታቸውን ዘግተው ጣታቸውን መሐል አድርገው ይጠብቃሉ፣ ቀጣዩ እንዳያመልጣቸው። አንዷ እናት ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። አንዷ ልጅ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ጥበቃው በሩ ላይ ቆሟል፣ ኮፍያውን አውልቆ። በሹክሹክታ ነው የተናገርኩት ብዬሃለሁ? የኔ ሹክሹክታ አራት ኪሎ ይደርሳል።

ከሴቶቹ ፊተኛው አግዳሚ ላይ አንዲት ቀጠን ያሉ ሴት ነጠላቸውን ከግንባራቸው ገለጥ አደረጉ።

እትዬ አስካለ።

እዚህ ምን ያደርጋሉ? ምን ያደርጋሉ ትለኛለህ! እኔው ነኝ የላክኋቸው! አባ ፍስሐ እዚህ ናቸው ብዬ። ከእሁድ በፊት ሊተዋወቋቸው፣ ሊባረኩ ነው የመጡት።

ላሽ አልኩ። በሩን እንዴት እንደከፈትኩት አላውቅም። ደረጃው ሥር ከጫማው ክምር ሁለት ጫማ ያዝኩ፤ አንዱ አልገባ ብሎኝ ተረከዜን እየረገጥኩ ሳለ «ቢኒያም» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀስ ያለ።

«አቤት።»

«አባ ፍስሐ የሉም» አሉ እትዬ አስካለ። «ጥበቃውን ጠየቅሁት። በዚህ ስም ቄስ ገብቶ አያውቅም አለኝ። እኔም ሞኝ ሆኜ ምናልባት ዘግይተው ይመጡ ይሆናል ብዬ ቁጭ አልኩ።»

መሬት መሬት አየሁ። ጫማውን ያኔ ባየው ጥሩ ነበር፣ ግን አላየሁትም።

«እናትህ መሞታቸውን ለምን አልነገርከኝም?»

«አልጠየቁኝም፣ እትዬ።»

ዝም አሉ። ያ ዝምታቸው መጣ። ልቀባጥር አፌን ከፈትኩ፣ ቃል የሚባል ነገር አልቀረኝም። ውስጥ ጨርሼዋለሁ። መጀመሪያ ጊዜ ነው፣ ሁለታችንም ዝም ያልነው። ጽዱ ላይ ወፍ ነበር። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካከሉና፣

«በል ሂድ» አሉኝ። «ፈትቼሃለሁ።»

ተመልሰው ገቡ። እኔ ሮጥኩ።

ታክሲ ተራው ስደርስ ነው ልጆቹ እግሬን አይተው የጮሁት። የሽማግሌውን ቀኝ ጫማ አጥልቄ የራሴን ትቼላቸው መጥቻለሁ። ልመልስ ወጣሁ፤ ጥበቃው ሄደዋል አለኝ። «በአንድ እግራቸው ያንተን አድርገው፣ ከዚያች ሴትዮ ጋር» አለኝ። ከየትኛዋ ሴትዮ ጋር እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ደግሞ ስሄድ «አይዞህ፣ ሞንታርቦ» አለኝ። ስሜን አልነገርኩትም እኮ! ነገርኩት ለካ። ለሁሉም ነግሬያቸዋለሁ።

ከዚያ እዚህ መጥቼ ተቀመጥኩ። ፈትቼሃለሁ። ይቅር ብዬሃለሁ ማለታቸው ነው? ታዲያ እንደሱ አይሉም? ከልጄ ጋር ያሰርኩህን ፈትቼሃለሁ፣ በነፃ ሂድ ማለታቸው ይሆን? ባላቸውንም እኮ ፈተዋል። ወይስ ነገርህን ፈትቼ አይቼዋለሁ፣ ምን እንደሆንክ ገብቶኛል ነው? እንዲያው አማርኛ ሲፈጠር አንድ ቃል ላይ ይሄን ሁሉ ሰው ማሳፈር ምን የሚሉት ነው? ትርፍ መጫን አይደል እንዴ?

አንተ ከመግባትህ አምስት ደቂቃ በፊት ቲጂ ደወለች። ሳታለቅስ አትቀርም ብዬ ነበር፤ ድምፅዋን ግን መለየት አልቻልኩም። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? አንድ ሽማግሌ በአንድ እግራቸው የኔን ነጭ ስኒከር አድርገው እነሱ ቤት ተቀምጠዋል። ለምሳ ስትገባ እናቷን ከሳቸው ጋር ጠረጴዛ ዙሪያ ነው ያገኘቻቸው። እናቷ ያንን መሳቢያ ከፍተዋል። የአባቷ ሰዓት ተፈትቶ ነጭ ጨርቅ ላይ ተበትኗል። ሽማግሌው ውሃ እንዳልነካው አረጋግጠዋል። እስከ እሁድ ይገጥሙታል፤ ሲያመጡት በዚያው አንዱ ሽማግሌ እሆንለታለሁ ብለዋል።

«እናትሽስ?» አልኳት። «ፈትቼሃለሁ አሉኝ እኮ። ምን ማለታቸው ነው?»

«ጠየቅኳት» አለችኝ። «'እሱ ይጨነቅበት' አለች።»

«እሁድ ልምጣ አልምጣ?»

«'አባ ፍስሐን ይዤ እመጣለሁ ብሏል፤ ይዞ ይምጣ' ብላለች።»

ጮህኩ። ካፌው በሙሉ ዞረ። አባ ፍስሐ የሚባል የለም፣ አልኳት፣ እናትሽ ራሳቸው ሰምተዋል፣ ከየት ነው የማመጣው?

ያኔ ነው ሳቅ መሆኑ የገባኝ፣ ያ ያልለየሁት ድምፅ።

«ሽማግሌው ነግረውኝ ነው» አለችኝ። «ወደ ቤት ሲመጡ እናቴ ጎሚስታው በር ላይ ቆመች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ዝቅ ብላ፣ 'አባ ፍስሐ፣ ይፍቱኝ' አለችው። ሰውየው ክሪኩን እንደያዘ ብድግ ብሎ ምን ቢላት ጥሩ ነው? 'እሺ እትዬ፣ የፊቱን ነው የኋላውን?'»